የጅቡቲ ጉድጓዶችና የአርባ እጥፉ ቀመር

የጅቡቲ ከተማ ጉድጓዶቿ ጨው ስለበዛባቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ በቧንቧ ውሃ ማስመጣት ጀመረች። ጊበንና ሄርዝበርግ በየፊናቸው የደረሱበት ቀመር፣ የጉድጓድ ውሃ ከባሕር ጠለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ጨው አልባው ውሃ ከጠለሉ በታች 40 ሜትር ይዘልቃል ይላል፤ የባሕር ውሃ እፍጋት 1.025 ነውና። ለሰሌዳ ያምራል፤ እኛም ስናሸመድደው ኖረናል። የምንነቅፈው ግን ዐለቱን አንድ ወጥ፣ ውሃውንም የረጋ አድርጎ መቁጠሩን ነው። የከተማይቱ ባዛልት ንብርብር ነው። ውፍረታቸው እኩል፣ ውሃ የማሳለፍ አቅማቸው ግን 100 እና 1 የሆኑ ሁለት ንብርብሮች እንውሰድ፤ አማካዩ በአግድም 50.5፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን 2 ያህል ብቻ ነው! ስለዚህ ውሃው በፓምፕ አብዝቶ ሲቀዳ፣ ከሥር የምንጠብቀው ጨው በጎን ሰተት ብሎ ሊገባ ይችላል። ይህን በቀመሩ ብቻ ማን ያሰላዋል?