በአደራ የተሰጠ ልጅ፦ «ላምብ» የተሰኘው ፊልምና የወንድ ልጅ አስተዳደግ

በሥነ መለኮት መጽሔት ላይ ስለ ፊልም መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ከመድረክ ስለ ፊልም ስንናገር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አማኝ ይህን ማየት ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ብቻ ካቆምን ታሪኩ ስለ እኛ የሚናገረውን ሳንሰማ እንቀራለን። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በተላከ ጊዜ ክስ ሳይሆን ታሪክ ይዞ ገባ (2ኛ ሳሙ. 12፥1–7)። ንጉሡም በታሪኩ ውስጥ ባለው ሰው ላይ በቁጣ ፈረደ፤ ፍርዱም ወደ ራሱ ተመለሰ። የወንድ ልጅን ማደግ የሚተርኩ አንዳንድ ፊልሞች ለእኛ ለአገልጋዮች ይህን የመሰለ ጥቅም አላቸው። ከእነዚህ አንዱን፣ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» (ጠቦት)፣ እንድትመለከቱልኝ እፈልጋለሁ።

ፊልሙ በ2015 እ.ኤ.አ. (በ2007 ዓ.ም.) በፈረንሳይ በካን የፊልም ፌስቲቫል «አን ሴርተን ረጋር» በተሰኘው ዘርፍ ቀርቧል። በዚህ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እርሱ ነው። ቋንቋው አማርኛ ነው። ታሪኩም አጭር ነው። ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ረዲኤት አማረ ይጫወተዋል። እናቱን በድርቁ ዘመን አጥቷል። አባቱ አብርሃም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን በለምለሙ ደጋ ለሚኖሩ ዘመዶች ትቶት ይሄዳል። ኤፍሬም ይዟት የመጣው ሀብት አንዲት በግ ናት፤ ስሟ ቹኒ ይባላል። አጎቱ ሰሎሞን ልጁ ለእርሻ የማይሆን፣ እጁ ለማጀት የቀና መሆኑን ሲያይ ይከፋል። በዓልም ሲቃረብ ቹኒ መታረድ እንዳለባት ይነግረዋል። ልጁም ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ላይ መሸጥ ይጀምራል፤ ሐሳቡም ገንዘብ አጠራቅሞ በጉን ማትረፍና ወደ ቀዬው መመለስ ነው።

ሞሪያ አይደለም

የስብከት ልምድ ያላችሁ ሁሉ እዚህ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ወደ ዘፍጥረት 22 እንደሚሄድ አውቃለሁ። አብርሃም የሚባል አባት አለ፤ ልጅ አለ፤ በግም አለ። ከዚያ ወደ ዮሐንስ 1፥29 መሻገር የአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነው። ስብከቱም ገና ፊልሙ ሳያልቅ ይዘጋጃል።

እኔ ግን ይህ መንገድ ፊልሙን በትክክል እንዳናነብ ያደርገናል ባይ ነኝ። በሞሪያ ተራራ በጉ በልጁ ፋንታ ይሞታል፤ ልጁም ይተርፋል። በዚህ ፊልም ግን ልጁ ሌት ተቀን የሚለፋው በጉ እንዳትሞት ነው። ቹኒ የማንም ምትክ አይደለችም። እናቱን ላጣ፣ አባቱም ለተለየው ልጅ የቀረችው የቤቱ ሽታ ናት። ለፊልሙ የሚቀርበው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ከላይ የጠቀስሁት የናታን ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ ያለው ድሃ ሰው ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም አልነበረውም፤ በጓም ከማዕዱ ትቀምስ፣ በእቅፉም ታድር ነበር። ባለጠጋው ያያት ግን እንግዳ የሚስተናገድባት ሥጋ አድርጎ ነው።

ሆኖም ፊልሙ ሰሎሞንን ክፉ ሰው አያደርገውም፤ ከብርታቱ አንዱም ይህ ነው። ሰሎሞን ባለጠጋ አይደለም። ብዙ አፍ የሚጠብቀው፣ ምርቱ የማይበቃው ገበሬ ነው። ልጁን ከቤቱ አስገብቷል፤ ከማዕዱም አካፍሎታል። በአገራችን ልማድ ከታየ ግዴታውን ተወጥቷል። ያልተወጣው ሌላ ነገር አለ፤ የተሰጠው አደራ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ዳዊትም ቢሆን የተወቀሰው የሌላው ሰው ፍቅር ምን እንደሚመዝን ሳያይ በማለፉ ጭምር ነው።

ማጀት የገባ ልጅ

የፊልሙ ሁለተኛ ጥያቄ የወንድነት ጥያቄ ነው። በሰሎሞን ዓይን ወንድ ልጅ በሞፈርና በቀንበር ይለካል። ወጥ ሲሠራ የተገኘ ወንድ ቤተሰቡን ያሳፍራል። ከልጁ ጋር በአንድ ቤት የምትኖረው ጽዮንም (ቅድስት ስዩም) በተመሳሳይ ቀንበር ሥር ናት፤ እርሷ ማንበብ ትወዳለች፣ ቤተሰቡ ግን ትዳር ይፈልግላታል። ሁለቱም በማይገባቸው ቦታ እንደቆሙ ተደርገው ይታያሉ።

ይህን ስናይ «ይህ የባላገር አስተሳሰብ ነው» ብለን ማለፍ ቀላል ነው። እስቲ ወደ ጉባኤያችን እንመለስ። በወንዶች አገልግሎት ስብሰባዎቻችን ላይ «ወንድ ሁን» ስንል ምን ማለታችን ነው? ድምፁ ከፍ ያለውን፣ መድረክ የማይፈራውን ወጣት እናቀርባለን። ዝም የሚለውን፣ ሕፃናትን ማባበል የሚወደውን፣ በፍቅር ግብዣ ቀን ወጥ ቤት የሚገኘውን ልጅ ግን የምናስበው መቼ ነው? ያዕቆብ ምስር ወጥ የሚሠራ ሰው ነበር (ዘፍ. 25፥29፣ 34)። ከሞት የተነሣው ጌታም በባሕሩ ዳር የከሰል እሳት አንድዶ ለደከሙት ደቀ መዛሙርት ቁርስ አሰናድቷል (ዮሐ. 21፥9–13)። ጴጥሮስ በጎቹን እንዲያሰማራ የታዘዘው ከዚያ ማዕድ በኋላ ነው። ይህን እያነበብን የወንድነትን ልክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቀንበር ከወሰድን ከሰሎሞን የምንለይበት ነገር የለም።

ከሉማሜ መንገድ ዳር

ይህን የምጽፈው በተለይ በምሥራቅ ጎጃም ያሉ አገልጋዮችን እያሰብሁ ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አውራ ጎዳና በሉማሜ ያልፋል። ሌላው መንገድ ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ ይዘልቃል። በእነዚህ ከተሞች የምታገለግሉ፣ የኤፍሬምን ዓይነት ልጅ ፊልም ሳታዩም ታውቁታላችሁ። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ለትምህርት ጠባብ ክፍል የተከራየ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ነው። ወይም ትምህርቱን ትቶ አውቶቡስ የሚሳፈር ነው፤ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ።

ወንድ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ማደጉ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ዘመናትን ያስቆጠሩ የትምህርት ቦታዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ፊደሉን፣ ዜማውንና ቅኔውን ይማር ነበር። በነገረ መለኮት ከዚያ ወግ የምንለይባቸው ነገሮች ቢኖሩም አንድ ነገር ልንማር ይገባናል። የመንደሩ ሰው የማያውቀውን ልጅ ቁራሽ እየሰጠ ያሳድግ ነበር፤ አደራው የመምህሩ ብቻ አልነበረም።

የዚህ ወግ ጥላም በሥነ ጽሑፋችን ተመዝግቧል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱትና በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ያለፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ሰጥተውናል። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ያ ስለትም ካደገ በኋላ እንደ እስራት ይከተለዋል። ሐናም ሳሙኤልን ተስላለች (1ኛ ሳሙ. 1፥11)። ልዩነቱን አስተውሉ። ሳሙኤል በእናቱ ስለት ብቻ አልኖረም፤ እግዚአብሔር ራሱ በስሙ ጠራው። ልጁ ድምፁን ባልለየ ጊዜም ሽማግሌው ዔሊ የሚጠራው ጌታ መሆኑን አስተዋለና እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው (1ኛ ሳሙ. 3፥8–9)። ዔሊ በገዛ ልጆቹ የወደቀ ሰው ነበር። በዚያች ሌሊት ግን የአሳዳጊን ሥራ በትክክል ሠራ፤ በልጁ ፋንታ አልመለሰም፤ ልጁ ራሱ እንዲመልስ መልሶ ላከው።

የሌላ አገር ቤት

በዚህ ላይ ሁለተኛ ፊልም ብንጨምር ነገሩ ይጠራል። የራዱ ሚሃይሌአኑ የ2005 እ.ኤ.አ. ፊልም በፈረንሳይኛ ርእሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። በ1977ቱ የረኀብ ዘመን በሱዳን መጠለያ ያለች ክርስቲያን እናት፣ ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ልጇን ከእነርሱ ጋር ትልከዋለች። ልጇ ለሞተባት ሴት ልጅ ሆኖ ይሄዳል። ሽሎሞ የሚል ስም ይወጣለታል፤ በውሸት ስምና በውሸት ሃይማኖት ያድጋል።

እርሱን የተቀበለው ቤት ከሰሎሞን ቤት የተሻለ ሀብት አለው። ልዩነቱ ግን በሀብቱ አይደለም። በትምህርት ቤት የሌሎች ልጆች ወላጆች በሽታ ያመጣል ብለው ሲሸሹት፣ አሳዳጊ እናቱ ያኤል በሁሉ ፊት ፊቱን ትስመዋለች። ኀፍረቱን ከልጁ ጋር ተካፈለች ማለት ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱት ቄስ አምኅራም ልጁ ለእናቱ ደብዳቤ ሲያስጽፍ ይሰሙታል፤ ምስጢሩንም ይሸከሙለታል። ጎረምሳ ሆኖ በመጽሐፍ ቅዱስ ክርክር ላይ ስለ አዳም መልክ በተጠየቀ ጊዜ ሽሎሞ የሚመልሰው ከምድር አፈር በመነሣት ነው፤ አዳም የሸክላ መልክ ነበረው ይላል። ማን እንደሆነ ሲፈልግ የኖረ ልጅ መልሱን በዘፍጥረት 2 ማግኘቱ ለእኛ ለሰባኪዎች ልብ የሚነካ ነው።

ፊልሙ የማይነግረን

ሁለቱንም ፊልሞች ሳንመዝን መቀበል የለብንም። «ላምብ» ተራራውንና ሜዳውን እጅግ አሳምሮ ስለሚያሳይ ድህነቱ አንዳንዴ ሥዕል ይሆናል። የጽዮን ገጸ ባሕርይ ከሰውነቷ ይልቅ ሐሳብ እንድትሸከም የተፈጠረች ትመስላለች። ከሁሉ በላይ በዚህ ቤት ሃይማኖት በዓልና ልማድ ነው፤ ልጁ በመከራው ወደ እግዚአብሔር ሲጮኽ ብዙም አንሰማም። በመጨረሻ ቹኒ ከሌሎች በጎች ጋር ትቀላቀላለች፤ ኤፍሬምም መልቀቅን ይማራል። ማደግ ማለት መልቀቅ ነው የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ብቻውን ልጁን ብቸኛ አድርጎ ይተወዋል።

የሉቃስ ወንጌል ከዚህ የሰፋ መልስ ይሰጣል። ኢየሱስ በ12 ዓመቱ በመቅደስ ሲገኝ መምህራኑ ዝም በል አላሉትም፤ ሲጠይቅ ሰሙት። የአባቱን ስም ጠርቶ ማንነቱን ተናገረ። ከዚያም ከዮሴፍና ከማርያም ጋር ወደ ናዝሬት ወርዶ ታዘዘላቸው። በጥበብም፣ በቁመትም፣ በሞገስም አደገ (ሉቃ. 2፥46–52)። በዚህ ክፍል ልጁ ይደመጣል፤ ይታዘዝማል። ሰሎሞን የሚፈልገው መታዘዙን ብቻ ነው፤ የዘመናችን ፊልም ደግሞ ብዙውን ጊዜ መደመጡን ብቻ ይፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን አስተዳደግ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ አለበት።

ይህ ለእኛ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ወንጌላውያን በቁጥር ጥቂቶች ነን። አንድ ልጅ ወንጌልን ተቀብሎ ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ ቤቱ ሊቀየመው፣ ስንቁም ሊቀርበት ይችላል። ያን ጊዜ የእኛ ቤት የሰሎሞን ቤት ይሆናል። እንጀራ እንሰጠው ይሆናል፤ መዘምራን ውስጥ እናስገባው ይሆናል። ግን ምን ጥሎ እንደመጣ፣ ማንን እንደሚናፍቅ፣ እጁ ምን እንደሚያውቅ ካልጠየቅነው፣ የእርሱን ቹኒ ለእኛ በዓል አርደን ስናበቃ እንኳ አናውቅም። ወላጆቹን እንዲጠላ ማስተማርም አደራን መብላት ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ከወጣት መሪዎቻችሁና ከአባቶች ጋር አብራችሁ ብታዩት እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ ለስብከት ምሳሌ ከመፈለጋችሁ በፊት ሰሎሞን ምን ማድረግ ይችል እንደነበር ጠይቁ፤ ገንዘብ ሳይጨምር፣ ድሃ ገበሬ ሆኖ ሳለ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ በጉባኤያችሁ ያሉትን ወንዶች ልጆች በስም ጻፉ። ስሙን ብቻ የምታውቁት ልጅ ካለ በዚህ ሳምንት ቤቱ ሂዱ።

ኤፍሬም የሚለውን ስም ዮሴፍ ለልጁ ያወጣው በመከራው አገር ፍሬ ስላገኘ ነበር (ዘፍ. 41፥52)። በሆሴዕ 11፥3 ደግሞ እግዚአብሔር ኤፍሬምን በክንዱ ይዞ መራመድ እንዳስተማረ አባት ሆኖ ይናገራል። አንድን ልጅ በአደራ የተቀበለ አገልጋይ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ ሥራውም ጎንበስ ማለትን ይጠይቃል።