ከመድረክ እስከ መስኮት፤ ተስፋዬ ሳህሉ እንደ ተዋናይ

ለሟች የሚቀርብ ምስጋና አንዳንዴ የሟቹን ሥራ ይሸፍናል። ተስፋዬ ሳህሉ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ባረፉ ጊዜ ከየአፉ የወጣው ቃል «የልጆች አባት» የሚል ነበር። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን አንድን ባለሙያ «ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ መሸኘትና «ምን ሠሩ? እንዴትስ ሠሩት?» ብሎ መጠየቅ ለየቅል ናቸው። ደግ አባት በየሰፈሩ አይታጣም። ከ1957 እስከ 1998 ዓ.ም. ካሜራ ፊት ተቀምጦ የትውልድ በትውልድ ላይ ጆሮ የያዘ ሰው ግን ከእርሳቸው ሌላ ማንን እንጠራለን? ይህ የደግነት ብቻ ሳይሆን የሙያ ጉዳይ ነው። ሙያውም የተቀዳው ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከመድረክ ነው።

ተስፋዬ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። ጣልያን ከአገር ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር ክፍል ተቀጠሩ። ያ ዘመን ተዋናይና ዘፋኝ፣ ሙዚቀኛና አስቂኝ ተለያይተው ደመወዝ የሚቀበሉበት አልነበረም። መጋረጃው እስኪገለጥ የሚዘፍነው፣ ከተገለጠ በኋላ ንጉሥ ወይም ሎሌ ሆኖ የሚተውነው ያው አንዱ ሰው ነው። ተስፋዬም ዘፈኑን፣ ሙዚቃውን፣ ቀልዱን፣ ትወናውን አንድ ላይ ተማሩት። «ሁለገብ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለማንም እንደ ቡና ቁርስ እናድለዋለን፤ ለእርሳቸው ግን የዕለት እንጀራ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው የሴት ገጸ ባሕርይ መጫወታቸው ነው። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበረ፣ እነ አስናቀች ወርቁ ያን አጥር ጥሰው እስኪገቡ ድረስ የሴቷን ቦታ ወንዶች ይሸፍኑ ነበር። ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝ ጁልየትን የሚጫወተው ድምፁ ያልጎረነነ ወንድ ልጅ ነበር፤ በጃፓን የካቡኪ ቴአትርም ወንዶች የሴትን ገጸ ባሕርይ እስከ ዛሬ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ጥበብ ይማሩታል። ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ድምፅ አቅጥኖ ማሳቅ ቀላል ነው፤ ማንም የሠርግ ቤት ቀልደኛ ያደርገዋል። የሴቲቱን ኀዘን ተመልካች እንዲያምን ማድረግ ግን ሌላ ነው። ተዋናዩ የራሱን አካል ረስቶ በሌላ ሰው አካል መቀመጥ፣ በሌላ ሰው እስትንፋስ መተንፈስ አለበት። ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን መስኮት ጅቡንም፣ ጦጣይቱንም፣ ባልቴቷንም ያለ ልብስና ያለ ሜካፕ፣ በድምፅና በቅንድብ ብቻ ለይተው ያሳዩን ሰው፣ ያን ትምህርት የቀሰሙት ከዚያ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ትምህርት ቤታቸው ኮሪያ ነበር። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደዚያ ሲዘምቱ፣ ተስፋዬም ሄደው ሠራዊቱን አዝናንተዋል። ሞት በቅርብ ለሚያንዣብብበት፣ አገሩ ለራቀው ወታደር መዝፈንና መቀለድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከመጫወት ይከብዳል። ወታደር ለይሉኝታ ብሎ አያጨበጭብም። ፊቱን አይቶ፣ የልቡን ትርታ ቆጥሮ፣ ሲሰለች ዜማውን መቀየር ያስፈልጋል። ልጅም እንደዚያው ነው፤ የሰለቸው ልጅ ተነሥቶ ይሄዳል እንጂ አያዝንልህም።

በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተና ተስፋዬም ወደዚያ ዘለቁ። ትልቅ አዳራሽ ትልቅ ድምፅ፣ ሰፊ የእጅ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ግን የሚጠየቀው ተቃራኒው ሆነ። ካሜራ ጩኸት አይወድም። አዳራሽ የለመደ ተዋናይ መስኮቱ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ እንደተዘጋበት አውራ ዶሮ ይሆናል። ተስፋዬ ይህን ወጥመድ አለፉት። ድምፃቸውን ዝቅ፣ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ከመድረክ ያስቀሩት አንድ ነገር ቢኖር ፋታውን ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ካሉ በኋላ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ የተለካ ነው፤ ሙዚቀኛ በሁለት ስንኝ መካከል እንደሚተወው ዕረፍት። በዚያች ዕረፍት ውስጥ በየቤቱ ያለው ልጅ «ጤና ይስጥልኝ አባባ!» ብሎ ይመልሳል። ማንም እንደማይሰማው እያወቀ ይመልሳል። ከዚህ የበለጠ የትወና ድል ምን አለ?

ይህ ዕረፍት ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ምን እንዳደረገ የእኔ ትውልድ ያውቃል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበርና ሰዓቱ ሲደርስ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ከአንድ ሳሎን ይሰበሰባል፤ ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ ትንንሾቹ ምንጣፍ ላይ። እቤታቸው ቸሃ፣ እዣ፣ መስቃን ወይም ስልጢ የሚናገሩ ልጆች ለሰላምታው በአንድ አፍ በአማርኛ ይመልሳሉ። ጉራጌ ተረት ያጣ ሕዝብ አይደለም። ከብቱ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላ ወገን በሚያድርበት ጎጆ ውስጥ፣ እሳቱ መሐል ሲነድ ተረት የሚያወሩ አያቶች ነበሩ፤ ከደጅ ያለው ጀፎረም መጋረጃ የሌለው የልጆች መድረክ ነበር። አባባ ተስፋዬ የተወደዱት አዲስ ነገር ስላመጡ ሳይሆን፣ ያንኑ የእሳት ዳር አያት መስኮት ውስጥ ስላስቀመጡት ነው።

ግን ሂስ ከሆነ ሁለቱንም ገጽ ማየት ይገባል። የእሳት ዳሩ አያት ብዙ ነበሩ፤ የመስኮቱ አያት ግን አንድ። የመንደሩ ተረት እንደ ተራቹ አፍ ይለዋወጣል፤ ልጅም ያቋርጣል፣ «እንዲህ አይደለም» ይላል፣ ይከራከራል። በቴሌቪዥኑ ግን ተረቱ ሲያልቅ ምክሩ ይከተላል፤ ምክሩም ነገሩን ይዘጋዋል። ጅቡ ለምን እንደራበው የሚጠይቅ ልጅ ቦታ አልነበረውም። ስቱዲዮ የሚመጡት ልጆች የየራሳቸውን ተረት እንዲያወሩ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው የተለማመዱትን አውርተው ይቀመጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳሎኑ ልጅ የአያቱ ቋንቋ ከመስኮቱ እንደማይወጣ ገና በልጅነቱ ተማረ። ይህ የአንድ ተዋናይ ጥፋት አይደለም፤ አንድ ጣቢያ ብቻ የነበረው አገር ጉዳይ ነው። ቢሆንም የሥራው ጥላ ነውና አብሮ መቆጠር አለበት።

በአሜሪካ ፍሬድ ሮጀርስ የሚባል ሰው የልጆች ፕሮግራሙን ከ1968 እስከ 2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመላ አገሪቱ አቅርቧል። እርሱም ሙዚቀኛ ነበር፤ ዘፈኖቹን ራሱ ይደርስ ነበር፤ እርሱም ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ዝም ማለት ያውቃል። ልዩነቱ ሮጀርስ ልጁ ስለ ፍርሃቱና ስለ ቁጣው እንዲናገር መጋበዙ ነው፤ የእኛው አባባ ደግሞ ልጁ ታላቁን እንዲያከብር፣ ተምሮ አገር እንዲጠቅም አደራ ይላሉ። አንደኛው ልጁን ወደ ውስጡ፣ ሌላኛው ወደ ማኅበሩ ይመራዋል። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» የሚለው አጠራራቸው ራሱ ይህን ይናገራል፤ ልጅ የሚታየው ነገ በሚሰጠው ፍሬ ነው። እኔ እንደ ተመልካች ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር እላለሁ። በትወናው ግን ተስፋዬ ይበልጣሉ፤ ሮጀርስ በካሜራ ፊት በአካል ሲታይ ራሱን ሲሆን፣ ተስፋዬ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ መንደር ይሆኑ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ከእጃቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሳቸው የተጻፈው አብዛኛው የሕይወት ታሪክና ምስጋና ነው። ትወናቸውን ፋታ በፋታ፣ ድምፅ በድምፅ የመረመረ ጽሑፍ ግን ያስፈልገናል። በ1940ዎቹ መድረክ ላይ የታየው መድረክ ላይ ቀርቷል፤ ሴት ሆነው ሲያለቅሱ ያየ ተመልካችም አብሮ እያለቀ ነው። ያዩት በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይቀዳ፤ የተረፈው ፊልምም የቴአትር ተማሪ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ።

ለእኛም ከተሞች የሚበጅ ቁምነገር አለ። ወልቂጤም ቡታጅራም ዛሬ ቴሌቪዥን የሌለበት ሳሎን እየጠፋ፣ ጣቢያው እየበዛ፣ ተረት የሚያወራ ሰው ግን እያነሰ ነው። በቸሃም ይሁን በመስቃን ቋንቋ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ፣ ዝም ብሎ የልጁን መልስ የሚጠብቅ ተዋናይ ከየትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ሊወጣ ይችላል። የሚያስፈልገው ውድ ካሜራ አይደለም፤ ሌላ ሰው መሆን የተማረ አካልና የተመልካቹን ፊት ማንበብ የሚችል ዓይን ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ሁለቱንም ያገኙት ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት ነበር።