ስሙ ያልተጻፈው ተዋናይ

ስለ ፊልም ጥበብ በሚጻፉ ሂሶች ውስጥ ዳይሬክተሩ ይወደሳል ወይም ይወቀሳል፤ የዋናው ተዋናይ ችሎታ ይመዘናል፤ የካሜራ ባለሙያውም ድርሻ አልፎ አልፎ ይነሳል። በአደባባይ ትዕይንት ከኋላ ቆሞ ስለሚታየው፣ ስሙ በፊልሙ መጨረሻ ስለማይጻፈው፣ በሙያው ቋንቋ «ኤክስትራ» ወይም አጃቢ ተዋናይ ስለሚባለው ሰው ግን የሚባለው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ ሂሱን ጎዶሎ ያደርገዋል። አንድ ፊልም ስለ ሕዝብ ያለው አመለካከት ገሃድ የሚወጣው ከዋናው ባለታሪክ አንደበት ይልቅ፣ ስም ያልተሰጠውን ሰው በሚያይበት ዓይን ነውና።

በቅድሚያ ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በከተማ አደባባይ ሌሊቱን ሙሉ በሚካሄድ ቀረጻ አጃቢው የሚመጣው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ልብስ ይታደለዋል፤ የሚቆምበት ቦታ ይነገረዋል፤ ከዚያም ይጠብቃል። መብራት ይተከላል፤ አስፋልቱ ብርሃን እንዲያንጸባርቅ በውሃ ይርሳል፤ ለጥቂት ሴኮንዶች ትዕይንት ሰዓታት ይፈጃሉ። ትእዛዝ ሲሰጥ ከተመደበለት ቦታ ተነስቶ ይራመዳል። ቀረጻው ሲደገም በዚያው ፍጥነት፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ እጁን እንደ መጀመሪያው አድርጎ መራመድ አለበት፤ አለዚያ በኋላ የሚቀጣጠለው ፊልም አይገጥምም። የዋናዎቹ ተዋንያን ድምፅ ሲቀዳ፣ አጠገቡ ካለው ጋር የሚያወራ መስሎ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ጎሕ ሲቀድ የፊልሙ ሌሊት ያበቃልና ሁሉም ይጣደፋል። በዐሥረኛው ድጋሚ ላይ በፊቱ የሚነበበው ድካም የተጠና ትወና አይደለም፤ የራሱ የሰውዬው ድካም ነው።

የዚህን ሰው ድርሻ ለመመርመር የሰርጌይ አይዘንሽታይን «ኦክቶበር» ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ፊልሙ የ1917ቱን የሩሲያ አብዮት 10ኛ ዓመት ለማሰብ የታዘዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በሌኒንግራድ፣ በዛሬይቱ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በራሱ በክረምት ቤተ መንግሥትና በፊት ለፊቱ በተዘረጋው አደባባይ ተቀርጾ በ1928 ለሕዝብ ቀረበ። በሺህ የሚቆጠሩ የከተማይቱ ነዋሪዎች አጃቢ ሆነዋል፤ ከመካከላቸውም ከ10 ዓመት በፊት በድርጊቱ የተካፈሉ ነበሩ። ሌኒንን ሆኖ የቀረበው ኒካንድሮቭ እንኳ ሠራተኛ እንጂ የመድረክ ሰው አልነበረም።

ቤተ መንግሥቱ በተያዘበት በእውነተኛው ሌሊት የተሰለፈው ሰውና የፈሰሰው ደም ፊልሙ ከሚያሳየው እጅግ ያነሰ እንደነበር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የብረት መዝጊያውን እየተንጠላጠለ የሚወጣው የፊልሙ ሕዝብ እውነተኛውን ሌሊት ሸፈነው። ከፊልሙ የተወሰዱ ምስሎች ከጊዜ በኋላ የ1917 ፎቶግራፎች ተብለው እስከ መታተም ደረሱ። ስሙ ያልታወቀው አጃቢ የታሪክ ምስክር ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ኃይሉም አደጋውም ከዚህ ላይ ነው።

አይዘንሽታይን ብዙኃኑን እንደ አንድ ግዙፍ ባለታሪክ ለማቅረብ አስቦ ተሳክቶለታል። ዳሩ ግን በዚያ ማዕበል ውስጥ ግለሰቡ እንደ ጠብታ ይጠፋል። ከሺዎቹ ሯጮች ይልቅ በተመልካች ልብ የምትቀረው በሐምሌው ሰልፍ የተገደለችው ልጃገረድ ናት። ተንቀሳቃሹ ድልድይ ከመካከሉ ሲከፈት ጠጉሯ በክፍተቱ ላይ ተዘርግቶ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ በወዲያኛው ወገን የሞተ ነጭ ፈረስ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በታሪኩ ውስጥ ስም የላትም፤ የፊልሙ ታላቅ ሐዘን ግን በእርስዋ ጠጉር ላይ ተሰቅሏል።

ጂሎ ፖንቴኮርቮ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው «የአልጀርስ ጦርነት» ይህን ጉድለት አስተካክሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አልጄሪያ ነጻ በወጣች በ3ኛው ዓመት፣ ትግሉ በተካሄደበት በካስባህ ሰፈር ጠባብ መተላለፊያዎች ሲቀረጽ፣ ከዋናዎቹ ተዋንያን መካከል በሙያው የሠለጠነው ዣን ማርታን ብቻ ነበር። የቀሩት ራሳቸውን፣ ወይም ጎረቤታቸውን፣ ወይም የሞተባቸውን ወንድም ሆነው ቀረቡ። ካሜራው ወደ ሕዝቡ ገብቶ በእያንዳንዱ ፊት ላይ ያርፋል። የታኅሣሥ 1960ው ሰልፍ በሚታይበት መደምደሚያ፣ አንዲት ሴት በፖሊሶቹ ፊት ባንዲራ እያውለበለበች ስትወዛወዝ፣ እልልታው በጭሱ ውስጥ ሲያስተጋባ፣ ተመልካቹ የዜና ፊልም የሚያይ ይመስለዋል። በዚህም ምክንያት ፊልሙ በአሜሪካ ሲታይ አንዳችም የዜና ፊልም ቅንጣቢ እንዳልገባበት የሚያስታውቅ ጽሑፍ ታክሎበታል። ይህን እምነት ያስገኙት አብዛኞቹ ሰዎች ስማቸው የማይታወቅ ናቸው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ወግ መስሎ እንዳይታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ሳግ አፍትራ የተሰኘው የተዋንያን ማኅበር ከሐምሌ 14 እስከ ኅዳር 9 ለ118 ቀናት ሥራ ሲያቆም፣ ካነሳቸው ቅራኔዎች አንዱ የአጃቢዎች ጉዳይ ነበር። ስቱዲዮዎቹ የአጃቢውን ገጽና አካል በኮምፒዩተር ቀድተው፣ የአንድ ቀን ዋጋ ከፍለው፣ ምስሉን ለዘለቄታው ሊገለገሉበት ፈልገዋል ሲል ማኅበሩ ከሰሰ፤ የስቱዲዮዎቹ ወገን አስተባበለ። በመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት እንዲህ ላለው ቅጂ የተዋናዩን ፈቃድና ክፍያ የሚጠይቅ ሆኗል።

የኮምፒዩተሩ ሕዝብ ሰውን ከሌሊት ብርድና ከአደጋ ያድናል የሚል ክርክር ይቀርባል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ሰው ለአንድ ትዕይንት ሲል ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል አይገባም። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል። የካስባህዋ ሴት ወደ ካሜራው ፊት የመጣችው ትዝታዋን ይዛ ነው። የተቀዳ ምስል በታዘዘው ቁጥር ይባዛል፤ የሚያስታውሰው ሐዘን፣ የሚደክመው ጉልበት፣ እምቢ የሚልበት ፈቃድ ግን የለውም። አደባባዩ በእንዲህ ያለ ሕዝብ ሲሞላ፣ ብዙኃኑ ለዓይን ማስጌጫ ከመሆን አያልፍም። ያን ሌሊት ቆሞ ሊያድር የነበረው ሰውም የዕለት እንጀራውን ያጣል።

ጉዳዩ የፊልም ሠሪዎች ብቻ አይደለም። በታሪካዊ ተውኔት መድረክ ላይ ጦር ይዞ ከንጉሡ ኋላ የሚቆም ወጣት አለ። ብዙውን ጊዜ በልምምድ ሰዓት የሚነገረው «አትንቀሳቀስ» የሚል ቃል ብቻ ነው። አዘጋጁ ወጣቱ ከየት አገር እንደመጣ፣ ማንን ትቶ እንደዘመተ፣ ንጉሡን ይወድ ወይም ይፈራ እንደሆነ ቢነግረው፣ አቋቋሙ ይለወጣል፤ በእርሱም ምክንያት የንጉሡ ንግግር ሌላ ክብደት ያገኛል። ሐያሲውም ሆነ የተውኔት መምህሩ አንድን ሥራ ሲመዝን ዓይኑን ለአፍታ ከመካከሉ አንስቶ ወደ ዳር ይመልከት። በዚያ የቆመው ሰው ለምን እንደቆመ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሥራው ሕዝቡን አክብሯል።