የኩሮስን ትንንሽ ቤቶች እንዴት እንመዝን?

በስኮትላንድ፣ በፋይፍ ግዛት፣ ከፎርዝ የባሕር ወሽመጥ ሰሜናዊ ዳርቻ ኩሮስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን መተዳደሪያዋ ድንጋይ ከሰልና ጨው ነበር። ነጋዴው ሰር ጆርጅ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1597 ጀምሮ ያሠራው ቢጫ ቤት እስከ ዛሬ ጎብኚ አያጣም። የከተማዋን የግንበኝነት ሙያ ማወቅ የሚፈልግ ግን ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የቆሙትን የተራ ሰዎች ቤቶች ይመልከት።

እነዚህን ቤቶች ለመመዘን አንድ ጥያቄ መያዝ ይበቃል፦ የወረደው ዝናብ በየት በኩል ይወጣል? እያንዳንዱ ክፍል ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነውና።

ከጣሪያው እንጀምር። እንደ ሞገድ የተጣመመው ቀይ ሸክላ መጀመሪያ ከሆላንድ አካባቢ በንግድ መርከብ የመጣ ነው፤ በኋላ እዚያው ስኮትላንድ ይሠራ ጀመር። ከዚያ በፊት ብዙ ጣሪያ የሣር ክዳን ስለነበር፣ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው። በእጅ የተሠራ ሸክላ ከአንዱ አንዱ በቀለም ጥቂት ይለያል። የጣሪያው መስመር በዝግታ ቢዋዥቅ የዕድሜ ምልክት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሰመጠ ግን እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው። ከጣሪያው ግርጌ፣ ከሸክላው በታች፣ ጥቂት ረድፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጉ። ውሃውን ከግድግዳው አርቆ የሚጥለው እሱ ነው፤ ግድየለሽ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያስቀረውም እሱን ነው።

በቤቱ ጎን፣ የግድግዳው ጫፍ በደረጃ መልክ እየጠበበ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። ጌጥ ቢመስልም ሥራ አለው፤ ከጣሪያው ከፍ ብሎ ስለሚቆም የክዳኑን ጠርዝ ከነፋስ ይጋርዳል። የደረጃዎቹ ድንጋዮች ሳይላሉ በቦታቸው ካሉ፣ ግንበኛው ሙያውን ያውቅ ነበር።

የቤቱ ዋና ፈተና ግን ግድግዳው ነው። ያልተጠረበ ድንጋይ በኖራ ተገንብቶ፣ በላዩ ኖራና ጠጠር እየተወረወረ ይለሰናል፤ ከዚያም በኖራ ውሃ ይቀባል። ኖራ ይተነፍሳል፦ የመጠጠውን ርጥበት ነፋስ ሲነፍስ ይመልሳል። ፖርትላንድ ሲሚንቶ በ1824 በእንግሊዝ የባለቤትነት መብት ከተሰጠው በኋላ እየተስፋፋ ሲመጣ፣ ብዙ ባለቤቶች ጠንካራው ይሻላል ብለው አሮጌውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰኑት። ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ለስላሳው ድንጋይ ይፈረፈራል፤ የወለሉ ወጋግራ ጫፍ ይበሰብሳል። በጎንደር የፋሲል ግቢም በሲሚንቶ የተደረገ ጥገና ጉዳቱ ታይቶ ብዙው በኖራ ተተክቷል። ስለዚህ ልስኑን በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከድንጋዩ ተላቋል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ ድንጋዩ ይታይ ብሎ ልስኑን መግፈፍ። የበሩንና የመስኮቱን ዙሪያ ተመልከቱ። የተጠረበው ድንጋይ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብሎ ከቆመ፣ ያ ክፍተት ለልስኑ የተተወ ቦታ ነበር። የተራቆተው ግድግዳ የጥንት መልኩን ሳይሆን መከላከያውን ማጣቱን ያሳያል።

በሩ ላይ ስትደርሱ ጉበኑን አንብቡ። አንዳንዱ ላይ የባልና የሚስት ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ዓመተ ምሕረት ተቀርጿል። የመስኮቱ መስታወት ብርሃንን እያወዛወዘ ከመለሰ አሮጌ ነው። በፕላስቲክ መስኮት የተተካ እንደሆነ የሚመለስ አይደለም።

በተያያዘ ቤት የአንዱ ቸልተኝነት የጎረቤት ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ተራውን በሙሉ እዩ፦ የጣሪያው ከፍታ፣ የጭስ ማውጫዎቹ አቀማመጥ፣ የበሮቹ ርቀት። የአንዱ ቤት ዋጋ ከፊሉ በጎረቤቱ እጅ ነው። በ1931 የተቋቋመው የስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት ይህን ቀድሞ ተረድቶ ከ1932 ጀምሮ በኩሮስ ቤቶችን ገዛ። በ1960 በጀመረው የትንንሽ ቤቶች ማሻሻያ ዕቅድም ቤት ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ ገዢውን በጥበቃ ውል አስሮ ይሸጥና በገንዘቡ ሌላውን ያነሣ ነበር። ቤቶቹ ቤተ መዘክር ሳይሆኑ ሰው የሚኖርባቸው ሆነው የተረፉትም በዚህ ነው።

ስኮትላንድ ቅርስ የሆኑ ሕንጻዎችን በሦስት ደረጃ ትመዘግባለች። ምዝገባው የቤቱን ዋጋ ይናገራል እንጂ የጠጋኙን ሙያ አይመሰክርም። ያንን የሚመሰክረው ግድግዳው ነው። አንዱ ቤት በሲሚንቶ ተለስኖ ቢያብረቀርቅ፣ ሌላው ኖራው ደብዝዞ፣ መስኮቱ አርጅቶ፣ የሸክላው መስመር ተዋዥቆ ግን ደረቅ ሆኖ ቢቆም፣ የተሻለው ሥራ ሁለተኛው ነው።