ስም፣ ገላና ድምፅ፦ ዘውዲ አርአያ በጣሊያን የገበያ ፊልም

የአዲስ ከተማው ታላቅ ገበያ መጠሪያው የጣሊያን ቃል ነው። «መርካቶ» ማለት ገበያ ማለት በመሆኑ፣ «መርካቶ ገበያ» የሚል ሰው አንዱን ነገር በሁለት ቋንቋ ይደግመዋል። ስሙ የተተከለው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የፋሽስቱ አስተዳደር ከተማዋን በዘር ለመክፈል ባወጣው ዕቅድ መሠረት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዞረና «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» ሲል ሰየመው። ወራሪው ተባረረ፤ ቃሉ ቀረ። ሕዝቡም ቃሉን እንደ ምርኮ ይዞ፣ ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ድረስ በራሱ ንግድና በራሱ አንደበት ሞላው።

በዚህ ሰፈር ሲኒማም የራሱ ታሪክ አለው። በኋላ ራስ ቴአትር የተባለው ሲኒማ ራስ፣ እንዲሁም ሲኒማ አዲስ ከተማ፣ የገበያውን ነጋዴ፣ ተሸካሚና ተማሪ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰቡ ቤቶች ነበሩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ወጣት ለነበረው የከተማዋ ተመልካች የካውቦይ ፊልም ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ካውቦዮች እጅግ ብዙዎቹ አሜሪካን የማያውቁ፣ ሮም ተሠርተው ስፔን በረሃ ላይ የጋለቡ ነበሩ። (ከዚህ በታች የፊልሞቹ ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሰርጂዮ ሌዎኔ በ1964 የመጀመሪያውን ካውቦይ ፊልሙን ሲያወጣ «ቦብ ሮበርትሰን» የሚል ስም ለጠፈ። ጁሊያኖ ጄማ በ1965 ሪንጎን ሲጫወት «ሞንትጎመሪ ውድ» ተባለ። የቬኒሱ ተወላጅ ማሪዮ ጂሮቲ ዛሬም ድረስ ዓለም የሚያውቀው ቴሬንስ ሂል በሚለው ስሙ ነው። ነገሩ የነጋዴ ብልሃት ነበር። ካውቦይ ከአሜሪካ ካልመጣ አይሸጥምና፣ አውሮፓዊው ተዋናይ የራሱን ስም ደብቆ የገበያውን ስም ለበሰ።

በዚያው ኢንዱስትሪ ውስጥ ግን አንዲት ተዋናይት ስሟን እንድትቀይር አልተጠየቀችም። ዘውዲ አርአያ ከመጀመሪያ ፊልሟ እስከ መጨረሻው በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ የታተመችው እናትና አባቷ ባወጡላት ስም ነው። ይህ ሲታይ ክብር ይመስላል። ግን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው፣ የጄማን ስም ያስቀየረው ምክንያትና የዘውዲን ስም ያስጠበቀው ምክንያት አንድ ነው። የእሱ ስም ለሸቀጡ አይመችም ነበር፤ የእሷ ስም ግን ባዕድነቱ ራሱ ሸቀጥ ነበር።

ዘውዲ በ1951 ኤርትራ ውስጥ ደቀምሓረ ተወለደች። በ1969 ወይዘሪት ኢትዮጵያ ተብላ ተመረጠች፤ ቀጥሎም ወደ ሮም አቀናች። ለፊልም ሰዎች ዓይን ያበቃት በጣሊያን ቴሌቪዥን የቀረበ የቡና ማስታወቂያ ነበር። በ1972 ዳይሬክተሩ ሉዊጂ ስካቲኒ «የጨረቃ ቆዳ ያላት ልጃገረድ» በተሰኘው ፊልም መሪ ተዋናይት አደረጋት። ቡናው አስቀድሞ፣ ልጅቱ ቀጥላ መተዋወቋ አጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን አጋጣሚው ራሱ ስለ ገበያው ጠባይ ብዙ ይናገራል።

የዚህን ፊልም ትርጉም ለመረዳት ወደ ኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት መመለስ ግድ ይላል። በሚያዝያ ወር 1937 የወጣው የፋሽስት መንግሥት ድንጋጌ፣ አንድ ጣሊያናዊ ከምሥራቅ አፍሪካው ግዛት ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይቀጣል ይላል። የዘመኑ ሲኒማም ድንጋጌውን በትጋት አገለገለ። በ1938 ጉይዶ ብሪኞኔ ያዘጋጀው «ከደቡብ መስቀል በታች» የተሰኘው ፊልም ታሪኩ የሚካሄደው በወረራ በተያዘችው ኢትዮጵያ፣ በአንድ የእርሻ ቦታ ላይ ነው። በውስጡ ማይሉ የምትባል ክልስ ሴት አለች፤ የምትወከለውም ለሰፋሪዎቹ እንደ ፈተናና እንደ አደጋ ነው። ማይሉን የተጫወተችው ግን የሊቮርኖ ተወላጇ ነጭ ተዋናይት ዶሪስ ዱራንቲ ነበረች። አፍሪካዊት ሴት በአፍሪካ ታሪክ ውስጥ እንኳ ቦታዋ በቀለም በተቀባ ፊት ተያዘ።

እንግዲህ 1972 ከ1938 ጋር ሲነጻጸር አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሆኑ አይካድም። ፊቱ ተቀባ አይደለም፤ ተዋናይቷ ራሷ ናት። ግን ታሪኩስ? በሲሸልስ ደሴቶች የሚካሄደው ይህ ፊልም ትዳሩ የደበዘዘበት አንድ ጣሊያናዊ (ኡጎ ፓሊያይ) ከሚስቱ (ቤባ ሎንቻር) ጋር ለእረፍት ሄዶ ከደሴቲቱ ሴት ፍቅር ሲይዘው ያሳያል። በ1937 ሕጉ የከለከለው ነገር በ1972 ትኬት የሚቆረጥበት ትርኢት ሆነ። ክልከላውና ሽያጩ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፦ ያቺ ሴት የነጩ ሰው ፈተና እንጂ የራሷ ታሪክ ባለቤት አይደለችም።

የተከታዮቹን ፊልሞች ርዕስ በተርታ ማንበብ ብቻ ይበቃል። የጨረቃ ቆዳ፤ በ1974 «ገላ»፤ በ1975 «ኃጢአተኛዋ»። ቆዳ፣ ገላ፣ ኃጢአት — ሰው የለም። በ«ገላ» ውስጥ ዘውዲ በካሪቢያን ደሴት በአንድ ጎልማሳና (ኤንሪኮ ማሪያ ሳሌርኖ) በአንድ ወጣት መካከል የቆመች ሴት ናት፤ የምትጠራውም «ልዕልት» ተብላ ነው። ልዕልት ማዕረግ ነው፤ ስም አይደለም። የተዋናይቷ እውነተኛ ስም ከፊልሙ ውጪ በወረቀት ላይ በጉልህ ሲታተም፣ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት ግን ስም አልባ ሆነች።

ከስካቲኒ ሦስት ፊልሞች መካከል ለየት ብሎ መታየት ያለበት በ1973 የወጣው ነው። በዚህኛው ማርያም የተባለች ግብፃዊት ልጃገረድ ጣሊያናዊ አግብታ (ባልየውን የተጫወተው ፈረንሳዊው ሉክ ሜሬንዳ ነው) ወደ ፌራራ ከተማ ትሄዳለች። እዚያም የዘር ጥላቻ ያጋጥማታል። ካሜራው ከልማዱ ሙሉ በሙሉ ባይላቀቅም፣ ለአንድ ጊዜ አቅጣጫው ተገልብጧል። የሚመረመረው የእሷ ደሴት ሳይሆን የእነሱ ከተማ ነው። ሴቲቱ ስም አላት፤ ስም ያላት ሴት ደግሞ ጥያቄ መጠየቅ ትችላለች። በአንዲት ተዋናይት ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለው ልዩነት ሳይለይ ሁሉንም በጅምላ መኰነን የሃያሲ ሥራ አይሆንም።

ከስም ቀጥሎ የድምፅ ጉዳይ ይመጣል። የዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልም ምስሉ አስቀድሞ ይቀረጽና ንግግሩ በኋላ በስቱዲዮ ይሞላ ነበር። በመቅረጫው ቦታ እያንዳንዱ ተዋናይ በመሰለው ቋንቋ ቢናገር ግድ የለም፤ ሌላ ሰው በሮም ተቀምጦ ጣሊያንኛውን ይሰጠዋል። ይህ በባዕዳን ላይ ብቻ የተሠራ በደል አልነበረም። በቱኒስ ከሲሲሊያውያን ቤተሰብ የተወለደችው ክላውዲያ ካርዲናሌ እንኳ በቀደሙት ፊልሞቿ የሰው ድምፅ ተውሳ ነበር የቀረበችው። የራሷ ድምፅ መጀመሪያ የተሰማው በ1963 በፌሊኒ «ስምንት ተኩል» ነው፤ ከዚያም ወዲያ እንደ ሙሉ ተዋናይት መታየት ጀመረች። ከመድረክ የመጣ ሰው የዚህን ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም። በቴአትር ቤት ተዋናይን ተዋናይ የሚያደርገው ድምፁ ነው፤ ትንፋሹን፣ ዝምታውን፣ የቃሉን ክብደት የሚመዝንበት ሚዛን እሱ ነው። ድምፅን ከፊት ለይቶ መሸጥ የሚቻልበት ኢንዱስትሪ፣ ከተዋናዩ ግማሹን ብቻ ገዝቶ ሌላውን መጣል ይችላል።

ያም ሆኖ ዘውዲ ባገኘችው ግማሽ ምን እንደሠራች ማየት ተገቢ ነው። ለዚህ የሚመቸው በ1976 የተሠራው «ሚስተር ሮቢንሰን» ነው። ዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ኮርቡቺ፣ በ1966 «ጃንጎ»ን የሠራው ያው ሰው ነው። ፓዎሎ ቪላጆ በልብስ ንግድ የከበረ፣ መርከቡ ሰጥማ ሰው አልባ ደሴት ላይ የተጣለ ጣሊያናዊ ሆኖ ይጫወታል፤ ዘውዲም «ዓርብ» ናት። በዳንኤል ዴፎ የ1719 መጽሐፍ ሮቢንሰን አገልጋዩን ባገኘበት ቀን ስም ጠርቶት፣ በመጀመሪያም «ጌታዬ» ማለትን እንዳስተማረው ይታወሳል። የኮርቡቺ ፊልም አስቂኝ ቢሆንም፣ ካሜራውም የልጅቱን ገላ ማሳደዱን ባይተውም፣ ሳቁ የሚያርፈው በጌታው ላይ ነው። ነጋዴው ያለ ሱቅና ያለ ሠራተኛ ከንቱ ሆኖ ይገኛል። ደሴቱን የምታውቀው እሷ ናት። ዘውዲ እዚህ ላይ የቪላጆን ጩኸትና መንፈራገጥ በእርጋታ ትመልሳለች። እሱ በበዛ ቁጥር እሷ ትቆጥባለች። ድምፅ የሌለበት እንኳ ቢሆን የአቋም፣ የዓይንና የጊዜ ምጣኔ ቋንቋ አለ፤ ሳቁን የሚያቆመውም ይኸው ምጣኔ ነው። ይህ ከመልክ የተገኘ አይደለም፤ ሥራ ነው።

በዚያው ዓመታት የኤርትራ ዘር ያላት ሌላ ወጣት፣ ኢኔስ ፔሌግሪኒ፣ በፒየር ፓዎሎ ፓዞሊኒ «የሺህ አንድ ሌሊት አበባ» ውስጥ ዙሙሩድን ተጫወተች። ፊልሙ በ1974 በካን የዳኞች ልዩ ታላቅ ሽልማት ያገኘ ነው። ዙሙሩድ በገበያ መካከል የምትሸጥ ባሪያ ናት፤ ግን የሚገዛትን ሰው የምትመርጠው ራሷ ነች። ባለጸጎቹን አልፋ አንድ ምስኪን ወጣት ትመርጣለች፤ የመግዣውንም ገንዘብ ራሷ ትሰጠዋለች። ኋላም በወንድ ልብስ ንጉሥ ሆና ትፈርዳለች። እዚህም እርቃን አለ፤ ካሜራውም አያፍርም። ልዩነቱ የሚገኘው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ውሳኔ የሴቲቱ ነው። በመርካቶ የዋለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በገበያ ሻጭና ገዢ ይከራከራሉ፤ አፍ የሌለው ዕቃው ብቻ ነው። ፓዞሊኒ ለዕቃው አፍ ሰጠው፤ ስካቲኒ በአብዛኛው አልሰጠውም።

ስለ ዘውዲ በአገር ቤት የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው በውበቷ ይኮራል፤ «የእኛ ልጅ ሮምን አስደነቀች» ይላል። ሁለተኛው በእርቃኗ ያፍራል፤ «አዋረደችን» ይላል። ሁለቱ ወገኖች ቢጣሉም የሚያዩት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ገላዋ ነው። ካሜራውም ያየው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ አድናቂውም ነቃፊውም ሳያውቁት የስካቲኒን መነጽር ተውሰዋል። የሥራ መለኪያ ከሆነ ጥያቄው ሌላ መሆን አለበት፦ በዚህ ፊልም ውስጥ ይህች ሴት ስም አላት ወይ? ትወስናለች ወይ? ይሰማል ወይ ድምፅዋ?

ሕይወቷ ራሱ ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ሰጥቷል። ዘውዲ የፊልም ሠሪው የፍራንኮ ክሪስታልዲ ባለቤት ሆነች፤ ክሪስታልዲ ቀደም ሲል የካርዲናሌን መንገድ የከፈተ፣ በ1973 «አማርኮርድ»ን፣ በ1988 ደግሞ «አዲስ ሲኒማ ፓራዲሶ»ን ያሠራ ሰው ነው። በ1992 ሲያርፍ ከትወናው ይልቅ በፊልም አሠሪነቱ ላይ አተኮረች። በካሜራው ፊት ቆማ የተመረጠችው ሴት፣ ከካሜራው ኋላ ሆና መራጭ ሆነች።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ ብዙ የአገር ቤት አርቲስቶች ተቃውሞ አንሥተው ነበር። ያኔ የሆነው የሮሙ ነገር ግልባጭ ነው። በጣሊያን የእኛ ፊት በሌላ ድምፅ ተናገረ፤ በቃና የሌላ ፊት በእኛ ድምፅ ተናገረ። አማርኛው የተጣራ፣ የተዋንያኑም ችሎታ የሚመሰገን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፊትና ድምፅ፣ ስምና ውሳኔ በአንድ ሰው ላይ ካልተገናኙ፣ ያ ሕዝብ ገበያውን ይሞላል እንጂ ታሪኩን አይናገርም። የዘውዲ አርአያ ፊልሞች ለዛሬው ደራሲ፣ ተዋናይና መምህር የሚያስተምሩት ይህንን ነው። አንዲት ሴት ገጸ ባሕርይ በጽሑፍ ስትፈጠር አስቀድሞ ስም ይኑራት፤ ቀጥሎ የምትወስነው ነገር ይኑራት፤ ውበቷ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን።