ትንሹ ቀዳዳና ረጅሙ መንገድ፦ የማህፀን ቀዶ ሕክምና አዳዲስ መሣሪያዎች በላስታ ደጋ ሲመዘኑ

«አነስተኛ ጉዳት የሚያደርስ ቀዶ ሕክምና» የሚለው ስያሜ ጉዳቱ በምን እንደሚለካ አይናገርም። በአብዛኞቹ የሙያ ጽሑፎች መለኪያው በሆድ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ርዝመት፣ የፈሰሰው ደም መጠንና ታካሚዋ በሆስፒታል ያደረችው ሌሊት ብዛት ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካለ መንደር ተነሥታ በእግርና በበቅሎ ላሊበላ ለምትደርስ፣ ከዚያም በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ለምትላክ እናት ግን ጉዳቱ የሚጀምረው ገና ስለቱ ቆዳዋን ሳይነካ ነው። የተሸጠው በግ፣ ለጎረቤት የተተዉት ልጆች፣ አስታማሚ ሆኖ የተከተላት ባል ወይም ወንድም ያሳለፈው የአጨዳ ሳምንት በጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ አይገቡም።

ይህ ሲባል ግን ላፓሮስኮፒ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚለው የተለመደ ሙግት ልክ ነው ማለት አይደለም። ሙግቱ የስንፍና ጠረን አለው። እንጨትና ውኃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከምትውል የከተማ ሠራተኛ ይልቅ ትንሽ ቁስል ያስፈልጋታል። ሰፊ የሆድ ቁስል ንጹሕ ውኃ በራቀበት ቤት ቢያመረቅዝ ዳግመኛ ያንኑ መንገድ መውረድ ግድ ይሆንባታል። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው የትኛው መሣሪያ፣ በማን እጅ፣ የት ድረስ ሊደርስላት ይችላል የሚለው ነው።

ሐሪ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ በላፓሮስኮፒ ታግዞ ማህፀን ካወጣ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ እንደተወደሱ አልቀሩም። ትልቅ ዕጢን በሆድ ውስጥ ከትፎ በትንሽ ቀዳዳ የሚያወጣው ሞርሰሌተር ለዓመታት ሲመሰገን ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለማህፀን ዕጢ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡ 350 ያህል ሴቶች በአንዷ ላይ ያልታወቀ ሳርኮማ ሊኖር እንደሚችልና መሣሪያው ሊበትነው እንደሚችል አስጠነቀቀ። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ለማህፀን መውጣት ሕክምና በብልት በኩል የሚገባው ሰው ሠራሽ መረብ ከገበያ እንዲወጣ አዘዘ። ከሁሉም ይልቅ ያስደነገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው፣ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባለ የማህፀን በር ካንሰር የተያዙ 631 ሴቶችን ያሳተፈው ጥናት ነው። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የተገኙት በላፓሮስኮፒ ወይም በሮቦት ከታከሙት 86 በመቶ፣ በተለመደው የሆድ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት ደግሞ 96.5 በመቶ ነበሩ። ጠባሳው አጥሯል፤ ዕድሜውም እንዲሁ።

በላስታ ከሸክምና ከተደጋጋሚ ወሊድ ጋር አብሮ የሚታሰበው የማህፀን መውጣት ነው። ለዚህ ችግር በሆድ ላይ አንድም ቀዳዳ የማይፈልግ ሕክምና ከኤሌክትሪክ መብራት በፊት ጀምሮ አለ። ላንገንቤክ ማህፀንን በብልት በኩል ያወጣው በ1813 ነው። በ2015 የታተመው የኮክሬን ግምገማም፣ ሕመሙ ካንሰር እስካልሆነና መንገዱ እስከተቻለ ድረስ፣ ከሆድም ከላፓሮስኮፒም ይልቅ ይህን መንገድ ያስቀድማል። በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ ይሠራል፤ የሚፈልገው መቆንጠጫ፣ መርፌ፣ ክርና የለመደ እጅ ነው። በየጉባኤው አዳራሽ የማይወደሰውም የሚሸጥለት ኩባንያ ስለሌለ ሳይሆን አይቀርም። ቤልጅየማዊው ሐኪም ያን ባከላንት ይህንኑ የጥንት መንገድ ከካሜራ ጋር አዋሕዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የ70 ሴቶች ጥናት፣ ከላፓሮስኮፒ በአጠረ ጊዜ እንደሚጠናቀቅ አሳይቷል። ጥሩ ፈጠራ ነው። ነገር ግን ጋዝም፣ ካሜራም፣ የማይቋረጥ ኃይልም ይፈልጋል።

ኃይል ሲባል ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ውስጥ ያለፈችበት ጊዜ መዘንጋት የለበትም፤ ከተማዋ ለወራት መብራት አልነበራትም። በዚያ ሁኔታ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የሚሞላበትን፣ የተሰበረ ሌንስ የሚቀየርበትን ወይም መሣሪያውን የሚጠግን ባለሙያ የሚገኝበትን ቦታ ሳያረጋግጡ የላፓሮስኮፒ ማማ ተከለ ብሎ ሪባን መቁረጥ ዕቃ ማከማቸት እንጂ አገልግሎት መጀመር አይደለም። በህንድ ገጠር ያሉ ቀዶ ሐኪሞች የሆድን ግድግዳ ያለ ጋዝ በብረት ማንሻ ወደ ላይ ስበው፣ በጀርባ ማደንዘዣ ላፓሮስኮፒ መሥራታቸው ከሮቦቱ ይልቅ ለወሎ ቅርብ ነው።

በሙሉ ልብ ሊወደስ የሚገባው አዲስ መሣሪያ ግን ምናልባት ቀዶ ሐኪም ከቶ የማያየው ነው። በእጅ የሚሠራው መምጠጫ ስሪንጅ የተቋረጠ እርግዝናን ቀሪ አካል ያለ ኤሌክትሪክ ያጸዳል፤ በሠለጠነች አዋላጅ ነርስ እጅም ይሠራል። በባትሪ የሚሠራው የሙቀት ማከሚያ ደግሞ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰርን ቢያንስ በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ባለ ጊዜ ያክማል፤ እንደ ክራዮቴራፒ የጋዝ ሲሊንደር አያሸክምም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያ አውጥቶለታል። ይህ መሣሪያ በወቅቱ የደረሰላት ሴት ከላይ የተጠቀሰው የካንሰር ጥናት የሚመለከታት አትሆንም።

አንድ ነገር ግን በምስጋናው መካከል ይዘለላል። ላፓሮስኮፒ ታካሚን በማግሥቱ ወደ ቤት መላኩ እንደ ድል ይቆጠራል። በኤሌክትሪክ የተቃጠለ አንጀት ወይም የሽንት ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ከቀናት በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ያለች ታካሚ ታክሲ ይዛ ትመለሳለች፤ የላስታዋ በዚያች ቀን ተራራው ላይ ናት። የመውጫ ወረቀቷ በእንግሊዝኛ አህጽሮተ ቃላት የተሞላ ከሆነ በቀበሌዋ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምን ልታነብበት ትችላለች? ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ በብልት የሚወርድ ሽንት፦ አራቱም በአማርኛ፣ በጉልህ፣ ከሚደወልበት ስልክ ቁጥር ጋር ሊጻፉ የሚችሉት በግማሽ ገጽ ላይ ነው።