የታጠበ እጅ፣ የተነፈገ ወላጅ

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ሲሰበክ ነገሩ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይቋጫል፤ ፈሪሳውያን ለውጭ፣ ኢየሱስ ለውስጥ ተከራከሩ ይባላል። ንባቡ ሐሰት አይደለም፤ ጽሑፉን ግን ያሳንሰዋል። ጠቡ የተነሣው ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ በመብላታቸው ነው። ኢየሱስ ግን ኢሳይያስን ከጠቀሰ በኋላ በቀጥታ የገባው ወደ ገንዘብ ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ለወላጆቹ መጦሪያ ሊሆን የሚገባውን ሀብት «ቍርባን» ብሎ ለእግዚአብሔር ከለየ፣ በሽማግሌዎች ወግ ነቀፋ የለበትም፤ ስእለቱን ጠብቋል። ጦሪ አጥተው የቀሩት አባትና እናቱ ናቸው።

ይህ ምሳሌ ከሁሉ ቀድሞ መምጣቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከሰው ልብ ይወጣሉ ተብለው በኋላ የሚዘረዘሩትም ስርቆት፣ መግደል፣ ምንዝርና፣ መጎምጀት፣ ተንኰልና ስድብ አብዛኞቹ በሌላው ሰው ላይ የሚያርፉ በደሎች ናቸው። ስለዚህ «ውስጥ» የተባለው ለብቻ የሚታወቅ የልብ ስሜት አይደለም። የሚለካው ደጅ ላይ ነው፤ በጎረቤት፣ በአበዳሪና በተበዳሪ፣ በአረጋዊ ወላጅ።

ማቴዎስ 23 ይህንኑ ያጠነክራል። ውጩ የጠራው ጽዋ ውስጡ የያዘው መጥፎ ሐሳብ ሳይሆን ቅሚያ ነው። ከአዝሙድና ከከሙን አሥራት የሚያወጡትም አሥራቱን ተዉ አልተባሉም፤ ያንን ሳትተዉ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን አድርጉ ተባሉ እንጂ። በማርቆስ ምዕራፍ 1 የነጻው ለምጻምም ሙሴ ያዘዘውን መሥዋዕት ይዞ ወደ ካህኑ ተልኳል። ሥርዓትን በጅምላ የሚንቅ ሰው እንዲህ አያዝዝም።

ፈሪሳውያንን እንደ ተራ አስመሳይ መሳልም ታሪኩን አይመጥንም። በኢየሩሳሌምና በገሊላ በቁፋሮ የወጡት ከለስላሳ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ ዕቃዎችና የመንጻት ገንዳዎች፣ ንጽሕናን መጠበቅ በዘመኑ የብዙ ተራ ቤተሰብ ኑሮ እንደነበር ይመሰክራሉ። በረቢዎች ሕግ የድንጋይ ዕቃ ርኵሰት አይዘውም፤ የቃና ሰርግ ስድስት የድንጋይ ጋኖችም ለመንጻት የተቀመጡ ነበሩ። መቃብር በኖራ የሚለሰነውም ሰው ሳያውቅ ነክቶት ሰባት ቀን እንዳይረክስ ለማስጠንቀቅ ነበር። ማቴዎስ ይህን የጥንቃቄ ምልክት ወስዶ የማሳመሪያ ቀለም አደረገው። ድፍረቱ ይደንቃል።

ወንጌላውያኑም አንድ ድምፅ አይደሉም። ማርቆስ ከክርክሩ ተነሥቶ መብል ሁሉ ንጹሕ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል፤ ማቴዎስ 15 ያንን ትቶ፣ ባልታጠበ እጅ መብላት ሰውን አያረክስም በማለት ብቻ ይዘጋል።

ጥያቄው ወደ እኛም ደርሷል። ዐፄ ገላውዴዎስ የአይሁድን ሕግ ትጠብቃላችሁ የሚለውን የካቶሊካውያን ክስ ለመመለስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግዝረት የአገር ልማድ መሆኑን፣ የእሪያ ሥጋ የሚበላውን እንደማይጸየፉና የማይበላውንም እንደማያስገድዱ ገልጸዋል። ጳውሎስን ተከትለው የሰጡት መልስ ብስለት አለው። ነገር ግን ክሱም መልሱም ያተኮሩት በሥርዓቱ ላይ ነው፤ ለከሳሹ የሚበቃ መልስ ቢሆንም ማርቆስ 7 በቍርባን ምሳሌው ያነሣውን ጥያቄ አልነካም።